ሴፍቲኔቱ የወሎን በልግ ይጠብቅ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምጽፈው ስለ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው፤ የምግብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ እንደ እርከን ባለ የማኅበረሰብ ሥራ እየተሳተፈ ክፍያ ስለሚያገኝበት። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው ግልጽ ነበር፦ ገበሬው በክፉ ቀን ጥሪቱን እንዳይሸጥ። የ66ንና የ77ን ረሃብ ያየ የወሎ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ይቅር አልልም፤ ይስተካከል ነው የምለው።

የመጀመሪያው ችግር የክፍያ መዘግየት ነው። ገንዘቡ ሲቆይ ቤተሰቡ ወይ ይበደራል፣ ወይ በጉን ገበያ ያወጣል። የእህል ዋጋ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ዘግይቶ የመጣው ብር የሚሸምተው ያንሳል።

የባሰው ግን የሥራው ወቅት ነው። የማኅበረሰብ ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ይካሄዳል። ለመኸር አምራች ይመች ይሆናል። እንደ ለጋምቦና ደላንታ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ግን በልግ የሚዘራው በዚሁ ጊዜ ነው። እርከን ሲሠራ የዋለ ሰው መቼ ይረስ? ዝናቡ እንደሆነ አንዴ ካመለጠ አመለጠ ነው።

በበልግ አብቃይ ወረዳዎች በዘር ሳምንታት ሥራው ይቁም፤ የጎደለው ቀን ከዘር በኋላ ይካካስ፤ ክፍያው ግን አይቋረጥ። የየወሩ የክፍያ ቀንም አስቀድሞ በየቀበሌው ይለጠፍ።

አንድ አንባቢ፣ ከደቡብ ወሎ