ለቀጣዩ ውይይታችን፦ ተራ ሰው ለምን ይገድላል?

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በቀጣዩ ውይይታችን ርዕሳችን ዘር ማጥፋት ነው። እባካችሁ "አውሬዎች ናቸው" የሚለውን መልስ ለጊዜው እንተወው። ማንንም ከደሙ ንጹሕ ስለማድረግ አይደለም። መልሱ ምንም ስለማያስረዳን ነው።

ጁላይ 13 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. ወደ 500 የሚጠጉ የጀርመን ተጠባባቂ ፖሊሶች ፖላንድ ውስጥ ዩዜፉፍ ወደምትባል ከተማ ገቡ። አብዛኞቹ ጎልማሶች፣ ባለትዳሮች ናቸው። አዛዣቸው ሻለቃ ትራፕ እንባ እየተናነቀው ትእዛዙን ነገራቸው፦ አይሁዳውያን ሴቶችን፣ ሕፃናትንና አዛውንቶችን መረሸን። ከዚያ "አልችልም" የሚል ከሰልፉ መውጣት እንደሚችል ጨመረ። ያኔ የወጡት አሥራ ሁለት ቢሆኑ ነው። እስከ ማታ 1,500 ያህል ሰው ተገደለ።

የወጡትን ማንም አልረሸናቸውም። ታዲያ ሌሎቹን ምን ያዛቸው? ጥላቻው እንዳለ ሆኖ፣ ባልደረባ ፊት ፈሪ መባልም ከባድ ነበር። እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው፤ ይሉኝታን የማያውቅ ሰው የለማ!

ሩዋንዳ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. ቱትሲዎች ሲጨፈጨፉ ነገሩ ይለያል። እዚያ እምቢ ማለት ሊያስገድል ይችል ነበር። ሥራውም ተከፋፍሎ ነበር፦ አንዱ ስም ይመዘግባል፣ ሌላው ኬላ ላይ መታወቂያ ያያል፣ ሌላው ገጀራ ይዞ ይጠብቃል። መዝጋቢው ራሱን ገዳይ ይላል?

በዚህ ጥያቄ እንጀምራለን። ሐሳባችሁን በአጭሩ ጽፋችሁ ኑ።