ፕሪንተሩን የሚገድለው የተሳሳተ ቀለም ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ፎቶ ቤቶች «ሄዱ (ቀለም የሚረጨው የፕሪንተሩ ክፍል) ሞቷል» ብለው ማሽኑን ከመወርወራቸው በፊት የሞሉትን ቀለም ቢያዩ ጥሩ ነው። የኤፕሰን ኤል 805 ፎቶ ፕሪንተር ስድስቱም ቀለሞች ዳይ፣ ማለትም በፈሳሹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሟሙ ናቸው። በቀለም ጋኑ ላይ ፒግመንት፣ ማለትም ያልሟሟ ብናኝ ያለበት ጥቁር ከተጨመረበት ደቃቁ ብናኝ የሄዱን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ዓይነቱ ጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈ ቀለም ደግሞ፣ ርካሽም ቢሆን፣ ባይገዛ ይሻላል።

የሰው ፊት ወደ አረንጓዴ ካደላ ማጀንታው (ደማቁ ሮዝ ቀለም) ተቋርጧል ማለት ነው። መጀመሪያ ኖዝል ቼክ (የቀለም ቀዳዳዎቹ መፈተሻ ገጽ) ይታተም፤ የተቆራረጠው መስመር የቱ እንደሆነ እዚያው ይታያል። ሄድ ክሊኒንግ (ማሽኑ ራሱ ሄዱን የሚያጥብበት ትእዛዝ) ቢበዛ ሦስት ጊዜ፣ ካልተስተካከለ ማሽኑን አጥፍቶ ማሳደር። ደጋግሞ ማጠብ ቀለሙን ወደ ቆሻሻ መምጠጫው ስፖንጅ መድፋት ነው፤ እሱ ሲሞላ ማሽኑ አላትምም ይላል።

የኤችፒን ባለ ሦስት ቀለም ካርትሪጅ በመርፌ የሚሞሉ ሰዎችም ይቸኩላሉ። ለየክፍሉ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ቀስ ተብሎ ከገባ ይበቃል። ከዚያ ታችኛውን ፊት እርጥብ ሶፍት ላይ ጫን ማድረግ፤ ሦስት የተለያዩ ሰረዞች ከወጡ ደህና ነው። ጭቃ የመሰለ አንድ ነጠብጣብ ከወጣ ግን ሞልቶ ተቀላቅሏል፤ ቀለሙ እስኪለይ ሶፍቱ ላይ ይምጠጥ።