«ሞተሯ አልተነካም» ሲለኝ ሸሸሁ

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ያገለገሉ መኪኖች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። የጸሐፊው ምክር አጭር ነው፦ የሄደችውን ማይል እዩ፣ ማይሏ ዝቅ ካለ ሳታመነቱ ግዙ። ለኮሮላና ለካምሪ ከሆነ ብዙ አልከራከረውም። ግን ወረድ ብሎ «ይህ ለማንኛውም መኪና ይሠራል» ሲል ቡናዬን አስቀመጥኩ። አይሠራም። ባለፈው ጸደይ በዚህ ምክር ሄጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደብዳቤ የምጽፈው ለእናንተ ሳይሆን ለባንኬ ነበር።

መጀመሪያ ማንነቴን። ዲሲ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ፣ መኖሪያዬ አሌክሳንድሪያ ነው። 11 ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሳቆምና ሳወጣ ኖሬያለሁ፣ የራሴ ኮሮላ ናት። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ የቢኤምደብሊው ቁልፍ ሰጥቶኝ እየተጣደፈ ወደ ላይ ወጣ። ባለአራት በር፣ ግራጫ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት የሒሳብ ሠራተኛ መኪና የምትመስል። ከምድር ቤት ወደ ሁለተኛው ፎቅ ስወጣ ግን ድምጿ ከኮንክሪቱ ጋር እየተጋጨ መጣብኝ፣ የክንዴ ጸጉር ቆመ። ወርጄ ኋላዋን አየሁ። ኤም3 ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጠራቀም ያዝኩ። ባለቤቴ «የዘገየ ጉርምስና» ትለዋለች። መልስ የለኝም።

ይቺ መኪና ምን እንደሆነች ለማያውቃት ላስረዳ። ኤም3 ከ1980ዎቹ ጀምሮ በየትውልዱ ወጥታለች፣ ለተራው ገዢ ከተሸጡት ግን ቪ8፣ ማለትም ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር፣ የተገጠመላት አንዷ ትውልድ ብቻ ናት። ባለአራት በሯን ወዳጆቿ ኢ90 ይሏታል። እዚህ አሜሪካ ከ2008 እስከ 2011 ሞዴል ድረስ ተሸጠች። 4 ሊትር፣ 414 የፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ የሌላት፣ በደቂቃ እስከ 8,400 ዙር የምትጮህ። ከእሷ በኋላ የመጣችው 6 ሲሊንደርና ቱርቦ ይዛ ነው። ፈጣን ናት፣ ድምጿ ግን ይሄኛው አይደለም። አዲስ ሳለች ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ነበረች። ዛሬ ይህን ሁሉ ዓመት አስቆጥራም ሻጮች 30 ሺህ ቤት ይጠሩባታል። ታዲያ ዋጋዋን ታወጣለች ወይ?

መልሱ ያለው ከሞተሩ ታች ነው። ቢዬላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ኮሎውን (የሚሽከረከረውን ዋና ዘንግ) የሚጨብጥበት ቦታ ላይ ስስ የብረት ቅርፊቶች አሉ፣ እዚህ ያሉ መካኒኮች ሮድ ቤሪንግ ይሏቸዋል። በዚህ ሞተር ላይ ለዘይት የተተወው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ዘይቱ ደግሞ 10 ደብሊው 60 የሚባል ወፍራም ዘይት ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ቤንዚን የሚረግጥ ነጂ ሲጨመርበት ቅርፊቱ ይበላል። ሁሉም ላይ አይደርስም፣ 100 ሺህ ማይል አልፈው ደህና የሆኑ አሉ። ችግሩ ሲበላ ምልክት አለመስጠቱ ነው። መንኳኳት ከተሰማ አብቅቷል፣ ሌላ ሞተር ማስገባት የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ የሚያውቅ ባለቤት ሳትታመም ያሳክማታል። ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓውን፣ አስፈትቶ ቅርፊቶቹን በአዲስ ያስቀይራል። የእኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር «ሞተሩ አልተነካም» ማለት ትልቅ ምስጋና ነው። ደላላ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚናገረው እሱን ነው፣ ተከፍቷል ከተባለ ዋጋው እዚያው ይወድቃል። ለዚህች መኪና ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ያልተከፈተ ማለት ያልተከፈለ ማለት ነው፣ ከፋዩም ገዢው።

የመጀመሪያዋን ያየሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሻጩ ያገር ልጅ፣ ጨዋታ አዋቂ። 46 ሺህ ማይል፣ 33,500 ዶላር። «ወንድሜ ሙት፣ ሞተሯ አልተነካም!» አለኝ ገና እጄን ሳይለቅ። ኮፈኑን ዳሰስኩት፣ ሞቋል። ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ የምላቸው መካኒክ ናቸው፣ ሶማሌ ተራ ዕቃ ሲያፈላልጉ ያረጁ ሰው። «የሞቀ ሞተር ሁሉ ጨዋ ነው» ይላሉ። እናም ነገ በጠዋት ልምጣና እኔ እስክደርስ አታስነሳት አልኩት። ቅር ቢለውም እሺ አለ።

በማግስቱ ብርድ ነበር፣ መስታወቱ ላይ ጤዛው እንዳለ ነው። አስነሳት። የዙር መቁጠሪያው ዳር ላይ ብርቱካናማ መብራቶች አሉ። ዘይቱ ገና ነው፣ ከዚህ አትለፍ የሚሉ፣ ሙቀቱ ሲጨምር አንድ በአንድ የሚጠፉ። ሁሉም በርተዋል። ሻጩ በኩራት እያየኝ ቤንዚኑን ረገጠው፣ መርፌዋ 6,000 ጋ ደረሰች። «ሰማሃት?» አለኝ። ሰማኋት እንጂ! ግን እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። እንግዳ ፊት እንዲህ ካደረጋት፣ ብቻውን ሥራ የረፈደበት ጠዋትስ?

ከዚያ ጎማዎቹን አየሁ። ጎማ ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ፣ ሁለቱ ሳምንት ሁለቱ ዓመት ናቸው። 3415 ይላል፣ የ2015 34ኛ ሳምንት። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፣ ጎናቸው ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ይኸው ዝቅተኛ ማይል! መኪናዋ አልተሄደባትም እንጂ ቆማ አርጅታለች። ደረሰኝ ስለው ስልኩን አውጥቶ ካርፋክስ የሚባለውን የመኪና ታሪክ ሪፖርት አሳየኝ። ካርፋክስ ጥሩ ነው፣ ግን ያልተነገረውን አያውቅም። ፋብሪካው 1,200 ማይል ላይ የሚያዘው የመጀመሪያው ዘይት ቅየራ ተደርጎላት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ከእኔ በፊት የነበረው ያውቃል» አለ። በመጨረሻ ከዘይቷ ትንሽ ቀድተን ላቦራቶሪ እንላክ አልኩ። ዘይቱ ውስጥ እርሳስና መዳብ በዝቶ ከተገኘ ቅርፊቱ እየተበላ እንደሆነ ይጠቁማል፣ ዋጋውም ለሁለት ሰው ክትፎ ከመጋበዝ ያንሳል። ሻጩ ሳቀ። «መኪና ልትገዛ ነው ደም ልታስመረምር?»

ሳቄን አልቻልኩም፣ ተሰነባበትን። ክፉ ሰው አይደለም። የሚሸጠውን አያውቀውም፣ በቃ።

ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ጻፍኩ። ሮድ ቤሪንግ ለማስቀየር የተጠየቅኩት 2,900። ስሮትሉን፣ ማለትም ለሞተሩ አየር የሚያስገባውን በር፣ የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች አሏት፣ እነሱም ቀን ጠብቀው መሞት ልማዳቸው ነው፣ ሁለቱን 1,900። አራት ጎማ 1,300። የካምቢዮ፣ የዲፈረንሻልና የፍሬን ዘይት ከነጉልበቱ 600። ድምሩ 6,700 ነው፣ ስለዚህ 33,500ው 40,200 ሆነ። ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ) ደግሞ ስም ሲዛወር ከሽያጩ 4.15 በመቶ ይወስዳል፣ ሌላ 1,390፣ በጠቅላላው 41,590። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ አንብባ «ይሄ ሁሉ ላልተነካ?» አለች።

ሁለተኛዋን ሪችመንድ አገኘኋት። 92 ሺህ ማይል፣ 27,500 ዶላር፣ ባለ 6 ማርሽ፣ ፍሪሲዮኗ በእግር። ጸሐፊያችሁ ቢያያት ማስታወቂያውን ሳይጨርስ ያልፋት ነበር። ባለቤቷ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነው። ከቁልፉ በፊት ያመጣልኝ ወፍራም ማህደር ነበር፣ ደረሰኞቹ በቀን ተደርድረዋል። ዘይት በየ5 ሺህ ማይሉ። ስሮትል ሞተሮቹ ተቀይረዋል። 61 ሺህ ማይል ላይ ሮድ ቤሪንግ። ቀጥሎ ከጋራዡ መደርደሪያ ላይ አንዲት የላስቲክ ከረጢት አወረደና እጄ ላይ አደረጋት።

አሮጌዎቹ ቅርፊቶች ናቸው። 16 ግማሾች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ጀርባቸው ላይ የሲሊንደሩ ቁጥር በማርከር ተጽፏል። አንዱን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ግራጫው ሽፋን መሃል ላይ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል፣ እንደ ድሮ የአምስት ሳንቲም ቀለም። ፎቶውን ለጋሼ ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ በሰዓቱ ነው የደረሰላት። እዚያው ቁም፣ እንዳትመጣ!»

እንከን የለባትም አልልም። ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ዘይት ያልባታል፣ የዚህ ሞተር የታወቀ ጠባይ ነው። የፊት የፍሬን ዲስኮቿ አልቀዋል። የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ተገሽልጧል፣ የፊት ፓራውልቷ በጠጠር ተበሳስቷል። እነዚህን አንድ በአንድ አሳየሁት፣ አልተቆጣም፣ አብሮኝ አየ። በ26,000 ተስማማን። ለፍሬኑ 1,100፣ ለክዳኑ 900፣ ለዲኤምቪ 1,079 ስጨምር 29,079 መጣ። ማይሏ እጥፍ የሆነችው መኪና በ12 ሺህ ዶላር ረከሰችኝ።

ለምን ማይል ላይ እንደምንጣበቅ ይገባኛል። አዲስ አበባ መኪና ገንዘብ ማስቀመጫ ነው። ዲኤክስ ገዝቶ ዓመታት ነድቶ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። በአገር ቤት አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ቤት ያለው መኪና ዋጋው የማይወርደው በዚህም ምክንያት ነው። እዚያ ደግሞ ቆጣሪ የሚመልስ ሞልቷል፣ ስለዚህ እውነተኛ ዝቅተኛ ማይል ስናገኝ ዕንቁ ያገኘን ይመስለናል። ግን ያ ዓይን የተሠራው ለዲኤክስ ነው። ዲኤክስ ዘይት ረስተህባት ይቅር ትልሃለች። 8,400 ዙር የሚሽከረከር ሞተር ይቅርታ አያውቅም።

ሌላም አለ፣ ለሚጎመጅ ወጣት እውነቱን ልንገር። ይቺ መኪና ከተማ ውስጥ በጋሎን 14 ማይል፣ አውራ ጎዳና ላይ 20 ነው የምትሄደው፣ ያውም በውዱ ቤንዚን። ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ የመኪና ንብረት ግብር አለ፣ ዋጋዋን ገምተው ይልኩልሃል። ቦሎ የምንለው ዓይነት ምርመራም በየዓመቱ ነው። ፍጥነቱን ደግሞ የት ትነዳዋለህ? ቨርጂኒያ ከ85 ማይል በላይ በግድየለሽ አነዳድ ያስከስሳል። ቅጣት ከፍለህ የምትገላገለው አይደለም፣ ወንጀል ነው፣ እስከ 12 ወር እስር አለበት። ይቺ መኪና ሦስተኛ ማርሽ ላይ ገና እየዘፈነች 85ን ታልፋለች። ስለዚህ በየቀኑ ሥራ የምትሄድባት ያለችህ አንዲት መኪና እሷው ከሆነች፣ በ26 ሺህም ውድ ናት። ለኔ ኮሮላዬ አለችልኝ። በበረዶም በዝናብም ዲሲ የምታደርሰኝ እሷ ናት፣ ኤም3ዋ የእሁድ ናት።

ከእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ «ሞተር ያልተነካ» በደማቁ ይታተማል። ከሥሩ ሻጩ የመጨረሻው ሥራ መቼና ምን እንደተሠራ የሚጽፍባት አንዲት መስመር ጨምሩ። ደረሰኝ ያለው ይሞላታል፣ የሌለውም ባዶ ይተዋታል፣ ባዶዋንም እናነባታለን።

ጸሐፊያችሁንም እጋብዘዋለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ አሌክሳንድሪያ ይምጣ፣ ላስነዳው። አንድ ነገር ብቻ፦ ብርቱካናማዎቹ መብራቶች እስኪጠፉ ቀስ እያለ ይነዳል። 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ እስከዚያ ስለ ማይል እንከራከራለን።

አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ