ኮቱን ገልብጠሽ እዪው

ጎንደር፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጥምቀት በፊት በነበረው እሑድ ከእናትሽ ጋር በስልክ ስታወሪ ከጎን ሆኜ ሰምቼሻለሁ። በእንግሊዝ አገር፣ በሊድስ ከምትኖሪበት ቤት አጠገብ ባለው፣ ያገለገለ ልብስ በሚሸጠው የበጎ አድራጎት ሱቅ ደጃፍ ሦስት ጊዜ ተመላልሰሽ ለመግባት እንዳፈርሽ፣ በኋላም ከሌላ ቤት አዲስ ኮት ገዝተሽ ወር ሳይሞላው ሁለት ቁልፉ እንደ ረገፈና ነፋስ እንደሚያስገባ ነገርሻት። ያን ዕለት ልመልስልሽ ብፈልግም የጥምቀት ሥራ ገና ከእጄ አልወጣም ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እየተባለ ሰው ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት ጨርቁን ይዞ የሚመጣብኝን ታውቂዋለሽ። አሁን የስፌት መኪናዬ ስላረፈች ያሰብኩትን በጽሑፍ ላድርስሽ።

እናትሽ ስልኩን ከዘጋች በኋላ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብላ ካንቺ ወገን ቆመች። እኔ ግን ተረቱ የተዋሰ ሰው ተረት እንጂ ከፍሎ የገዛ ሰው ተረት አይደለም አልኳት። ደግሞስ በዚህ ከተማ ሳልባጅ ለብሶ ያላደገ ማን አለ? ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ ለብርድ ትለብሺው የነበረውን ሰማያዊ ሹራብ ከቅዳሜ ገበያ፣ መሬት ላይ ከተዘረጋ ሸራ ላይ መርጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ክንዱን አሳጥሬ፣ አንገቱን አጥብቤ ስለሰጠሁሽ አዲስ መስሎሽ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ስለማፍርበት ሳይሆን ስላልጠየቅሽኝ ነው።

እኔም በልብስ ተታልዬ አውቃለሁ። ሙያውን ገና ስማር፣ ለአጎቴ ልጅ ሠርግ የምለብሰው ኮት ፈልጌ ከአንድ ነጋዴ ግራጫ የሱፍ ኮት ገዛሁ። ፊቱ ያበራል፣ ኮሌታው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያለኝን ገንዘብ ሁሉ ሰጥቼ ደስ ብሎኝ ወደ ሱቅ ስመለስ ስፌት የሚያስተምረኝ ጌታዬ ገና ከበሩ ስገባ አይቶኝ ሳቁ አመለጠው። «የደረት ኪስህ በየት በኩል ነው?» አለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ በቀኝ በኩል ነው። የወንድ ኮት የደረት ኪስ በግራ እንደሚሆን እያወቅኩ ዓይኔ አላየውም ነበር። ኮቱ የተገለበጠ ኖሯል፤ ፊቱ ሲያልቅ ስፌቱ በሙሉ ተፈትቶ ውስጡ ወደ ውጭ ዞሮ እንደገና ተሰፍቷል፤ ስለዚህም ግራው ቀኝ ሆኗል፤ የድሮው የቁልፍ ቀዳዳም በቀጭን ክር ተደፍኗል። የገለበጠው ሰው እጅ ድንቅ ነበር፣ ይህን አልክድም። ጨርቁ ግን ዕድሜውን ጨርሶ ነበርና ከሠርጉ በኋላ ክርኑ ላይ ተተረተረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ልብስ ከፊቱ በፊት ውስጡን አያለሁ። አንቺም እንዲሁ እንድታደርጊ ነው የምጽፍልሽ።

አስቀድሜ ግን እዚያ ያለው ሱቅ ከእኛው ሳልባጅ እንደሚለይ ልንገርሽ። የእኛው ታስሮ በቦንዳ የሚመጣ ነው፤ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ስለሆነም አብዛኛው በኮንትሮባንድ ይገባል፤ ከማን ገላ እንደወረደና ስንት እጅ እንደዞረ የሚያውቅ የለም። እዚያ ግን የሰፈሩ ሰው የማይለብሰውን አጥቦ በራሱ እጅ ወደ ሱቁ ይወስዳል፤ ሱቁን በብዛት ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ልብሱን ይለያሉ፣ ዋጋ ይለጥፋሉ፤ ትርፉም ለድርጅቱ ዓላማ ይውላል። ኦክስፎርድ ከተማ በእ.ኤ.አ. 1942 የተቋቋመው ኦክስፋም የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ሱቁን የከፈተው በእ.ኤ.አ. 1947 ነው። ይህ ድርጅት በ1977ቱ ረሃብ ወደ አገራችን እርዳታ ይዘው ከመጡት አንዱ ነበር። እንግዲህ በዚያ ደጃፍ ስታልፊ አንገትሽን የምትደፊበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ሱቁ ስትገቢ ቀለምና ሞድ አይሳብሽ። ኮቱን ከመስቀያው አውርደሽ ገበሩን ወደ ውጭ አድርጊው። ብብቱ ስር ገበሩ ከተቀደደ ወይም ላብ ካጠቆረው ቀድሞ ያለቀው እዚያ ነው፤ የተቀደደ ገበር ግን በመርፌ ይሰፋልና ስለ እርሱ ብቻ ኮቱን አትመልሺ። ከዚያ ስፌቱን በሁለት አውራ ጣትሽ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው፤ ክሩ እንደ መሰላል ከታየ ጨርቁ እየለቀቀ ነው። በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ከተተወ ደግሞ ልብሱን የሠራው ሰው ሙያውን ያከብር ነበር ማለት ነው፤ ልብሱን ለማስፋትም ይመቻል። ርካሹ ልብስ ጠርዙ ተቆርጦ ኦቨርሎክ በሚባለው የጠርዝ መስፊያ መኪና ብቻ የታሰረ ስለሆነ ማስፋት ቢፈለግ የሚለቀቅ ነገር የለውም። ኮሌታውን ገልብጠሽ የማጅራቱን መስመር፣ የእጅጌውን ጫፍ፣ የኪሱን አፍ እዪ። በመጨረሻ ወደ መስኮቱ ይዘሽው ሂጂና ወደ ብርሃን አንሺው፤ ብል የበላው ሱፍ እንደ ወንፊት ብርሃን ያስተላልፋል። የብል ቀዳዳ ያለውን አንድም እንኳ ቢሆን ቤትሽ አታስገቢ፤ ሌላውን ልብስሽን ያስበላብሻል።

ጽሑፉንም አንብቢ። የውስጥ መለያው ላይ ክር የተጠቀለለ የሚመስል ምልክት ካገኘሽ ዉልማርክ የሚባለው ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1964 ጀምሮ ለሱፍ የሚሰጥ ምልክት ነው። ዓይኔ የሚጓጓው ግን ሃሪስ ትዊድ ለሚባለው የሱፍ ጨርቅ ነው። ሉልና መስቀል ያለበት ምልክት ይኖረዋል፤ በእ.ኤ.አ. 1993 በወጣ ሕግ መሠረት ጨርቁ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች፣ በሸማኔው በራሱ ቤት በእጅ የተሸመነ መሆን አለበት። የእኛን ሸማኔዎች ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብለው መወርወሪያውን ሲያመላልሱ ላየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጨርቁ ሻካራ ነው፣ ሲለብሱት ይኮሰኩሳል፤ ገበር ካለው ግን ብርዱን ያስረሳሻል። ሌላም አለ፤ «ሴንት ማይክል» የሚል መለያ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው የእንግሊዝ ሱቅ ሲሆን ድርጅቱ በእ.ኤ.አ. 2000 ትቶታል። ያ መለያ ያለው ሹራብ ብታገኚ ቢያንስ ሃያ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ታጥቦ ቅርጹን ከያዘ ፈተናውን አልፏል።

መለያው ተቆርጦ ከሆነ ከስፌቱ ውስጥ አንዲት ክር አውጥተሽ ቤትሽ በክብሪት ለኩሻት። ሱፍ እንደ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል፤ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና እንደ ጠጠር ጠንክሮ ይቀራል። ሱቁ ውስጥ እንዳታደርጊው አደራ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስገባሽ የለም።

የወንዶች በኩልም ሂጂ። ልዩነቱ የወንድ ቁልፍ በቀኝ፣ የሴት በግራ መሆኑ ብቻ ነው፤ የወንዶች ሱፍ ግን ብዙ ጊዜ ወፍራምና የማያረጅ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ትከሻው ከሆነልሽ ሌላው ይሆናል። ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ይታጠፋል፣ ርዝመት ይቆረጣል፤ የሰፋ ትከሻን ማጥበብ ግን ኮቱን በሙሉ ፈትቶ እንደ መሥራት ነው፤ እኔም በብዙ ገንዘብ አልነካውም። ጫማን በተመለከተ ከተጠቀሙበት ሰው እግር ጋር የተጣመመ ነውና ተይው።

መቼ ብለሽ ብትጠይቂኝ አሁን እላለሁ። እኛ ለጥምቀት አዲስ በምናሰፋበት ወር እነርሱ ከገና በኋላ ቁም ሳጥናቸውን ያራግፋሉ። ከተማሪ ሰፈር ይልቅ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ወደሚኖሩበት፣ ቤቱ ትልልቅ ወደሆነበት ሰፈር ሂጂ፤ ጥሩ ሱፍ የሚጣለው እዚያ ነው። ዋጋ ላይ እንደ ቅዳሜ ገበያ አትከራከሪ። እዚህ ባትከራከሪ ነጋዴው ራሱ ይታዘብሻል፤ እዚያ ግን የተለጠፈው ዋጋ ዋጋ ነው፤ የሚቀነሰውም ከአንቺ ሳይሆን ከሚረዳው ሰው ላይ ነው።

ገዝተሽ ስትገቢ ሱፉን በፕላስቲክ አስረሽ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው፤ የተደበቀ የብል እንቁላል ካለ ይሞታል። ሹራብ ከሆነ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙና፤ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ላይ ዘርጊው። እናትሽ በ2004 ዓ.ም. የእኔን ነጭ ሹራብ በፈላ ውኃ አጥባ እንዴት ለታናሽ ወንድምሽ ልክ እንዳደረገችው ታስታውሻለሽ፤ ያኔ ማንም አልተቆጣም፣ አሁንም አልቆጣም።

ቅዳሜ ጠዋት ሂጂና ዕለቱን ሳትገዢ ዝም ብለሽ እዪ፤ እጅሽ ይለማመድ። ያማረሽን ኮት ስታገኚ የፊቱን ፎቶ አትላኪልኝ። የብብቱን፣ የስፌቱን ውስጥና መለያውን አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ መልሴን እስክነግርሽ ድረስ ኮቱን ከእጅሽ አትልቀቂው። ቁልፍ የጎደለው ከሆነም አትጨነቂ፤ መሳቢያዬ ውስጥ የቀንድ ቁልፎች አሉኝ፤ የአክስትሽ ልጅ በየካቲት ስትመጣ ስድስት ጠቅልዬ እልክልሻለሁ።

አባትሽ