ስለ ልጅቷ ትምህርት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የደሴ ብርድ መቼም አይምርም፤ ጋቢውን ከላይሽ አታውርጂ።

የእህቴ ልጅ ሶሲዮሎጂ፣ ማለትም የኅብረተሰብ ጥናት ተምራ ሚዲያና ልማትን ላጥና ብትል «ጋዜጠኛ ልትሆን ነው?» ብለሽ ሰግተሻል አሉ። አብሽሪ እማዬ። ጋዜጠኛው ወሬውን ያደርሳል፤ ይህ ሙያ ግን ወሬው ሰው ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሆነ ይከታተላል። ሬዲዮ «ልጃችሁን አስከትቡ» ሲል ማን ሰማ? ከማን ጋር መከረ? ማንስ ሰምቶ ተወው?

በ1956 እ.ኤ.አ. ህንድ ውስጥ፣ ፑና አካባቢ የተሠራ ጥናት አለ። ሶሲዮሎጂስቱ ፖል ኒውራት ሦስት ዓይነት መንደሮችን አነጻጸረ፤ ሬዲዮ ሰምተው በቡድን የሚወያዩ፣ ሬዲዮ ኖሯቸው የውይይት ቡድን የሌላቸው፣ ጭራሽ ሬዲዮ የሌላቸው። ከሬዲዮ ፕሮግራሙ በፊትና በኋላ ጠየቋቸው። እውቀታቸው ጎልቶ የጨመረው የሚወያዩት ነበሩ። አንቺ ቡና ላይ ከጎረቤት ጋር የምታገላብጪው ወሬ ኃይሉ የት ድረስ እንደሆነ ያን ጊዜ ተለካ።

ሥራው በአብዛኛው የሚበላሸው ጥያቄው ላይ ነው። «ፕሮግራሙን ሰምተዋል?» ከተባለ እንግዳ ማሳፈር የማይወድ የወሎ ሰው «አዎ» ይላል፤ ጠያቂው ከቀበሌ ሹም ጋር ከመጣማ አለቀ። «ምን ምን አለ?» ማለት ይሻላል። ለቡድን ውይይት ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል፤ ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ። አማትና ምራት አንድ ላይ ከተቀመጡ ምራቲቱ አፏን አትከፍትም። አንዱ ያወያያል፣ አንዱ ይጽፋል፤ ድምፅ የሚቀዳው ሲፈቅዱ ብቻ ነው። የ1 ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ 4፣ አንዳንዴም 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ካደረ ማን ምን እንዳለ ይምታታል። ከኮምቦልቻ በመኪና ወጥቶ አስፋልት ዳር ያለውን ብቻ ጠይቆ መመለስ ደግሞ ትልቅ ጥፋት ነው። ከመንገድ የራቀው፣ የሬዲዮው ባትሪ ያለቀበት ቤት ሳይጠየቅ ይቀራል።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ብታስተምር የማዕረግ እድገቱ ዝግ ያለ ነው። ከሌክቸረርነት ወደ ላይ የሚያስወጣው የታተመ ጥናት ነው፤ እሱም ትዕግሥት ይፈልጋል።

«ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ካልሽ የ1965 እና 66ቱን ረሃብ አስቢ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ኋላ ሲመረምረው፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም፤ እህልም ከወሎ ይወጣ ነበር። አዝመራውና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ መግዣ አጥቶ ነው የተራበው። ዋጋ ብቻ የሚያይ ሰው ረሃቡ አይታየውም። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1966 ለዓለም እስኪያሳየው ድረስ ስንት ሰው አለቀ! ይህን ሙያ እንዲህ የምሳሳለት ለዚህ ነው።

እስኪ ሰኞ ገበያ ስትወጪ ልጅቷን ይዘሻት ሂጂ። የበርበሬ ዋጋ መቀየሩን መጀመሪያ ከማን እንደሰሙ 10 ሴቶች ትጠይቅ። ቃላቸውን ሳታሳምር፣ እንዳለ ትጻፍና ትላክልኝ።

ልጅሽ