ክፉው ሰውዬ ተወደደ፤ ሚስቱስ ለምን ተጠላች?

ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን አንድ አንባቢያችሁ ወንጀለኛን የሚያስወድዱ ተከታታይ ድራማዎች ይታገዱ ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ወጣቱ ሌባን እንደ ጀግና ማየት ጀምሯል ይላሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። መፍትሔያቸው ግን አልተዋጠልኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ነገርም እሳቸው ከጠቆሙት ሌላ ነው።

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጸጉር ቤት አለኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሰው የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር የማስቀምጥ ሴት ነኝ፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል። ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስክንዘጋ ክፍት ነው። የደሴን ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሲያለብሰው ጸጉሯን የጨረሰችውም ቶሎ አትወጣም። ሻይ ይታዘዛል፣ ድራማው ይቀጥላል። ስለዚህ ተመልካች ማንን እንደሚወድ እኔን ጠይቁኝ።

ክፉውን ነው።

ያውም ሳያፍር። ካስክ ሥር ያለችው ድምፁ ስለማይሰማት "ምን አለ? ምን አለው?" እያለች ትጮሃለች። ስለ መርማሪው ፖሊስ ግን እንዲህ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። እንዲያውም መርማሪው ሲመጣ ሁሉም ስልኩን ያወጣል። አንድ ቀን ሹሩባ የምትሠራዋን ደንበኛዬን "ሰውየው እኮ ነፍሰ ገዳይ ነው" አልኳት። "መች ጠፋኝ? አነጋገሩ ደስ ይለኛል" አለችኝ። አጠገቧ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ እናት ደግሞ ቀበል አድርገው "እሱን ለአንድ ወር ብቻ ቀበሌያችን ላይ ባስቀመጡልን" አሉ። በሳቅ ሞትን።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። እኚህ እናት ዋናውን ምክንያት ነው የተናገሩት። ፈቃድ ልናሳድስ እንሄዳለን፤ "ሲስተም የለም" እንባላለን። በማግሥቱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሌላው ቀን ማኅተሙን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ማታ ቤታችን ገብተን ቴሌቪዥኑን ስንከፍት አንድ ሰውዬ አለ። ስልክ ያነሳል፣ ሁለት ቃል ይናገራል፣ ጉዳዩ አለቀ። ቀጠሮ አያዛንፍም። አደርጋለሁ ያለውን ያደርጋል። ይሄ እንዴት አይወደድ? ሰው የሚመኘው ግድያውን አይደለም። ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ሲያልቅ ማየት ነው የናፈቀው።

"ሰው ለሰው"ን አስታውሱ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታይቶ ካለቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። እዚያ ድራማ ላይ ከነበሩት ደጋግ ሰዎች ስንቱን በስም ትጠሩልኛላችሁ? ጋሽ አበበ ባልቻ የተጫወቱትን ክፉውን አስናቀን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ሥራው ያንገሸግሻል፤ ሲገባ ግን ዓይን ከሱ ላይ አይነሳም። ያ ድምፅ ሲሰማ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ ይል ነበር።

ደግሞ ይሄ አመል ቴሌቪዥን ያመጣብን አይደለም። ሽፍታን ስንወድ የኖርን ሰዎች ነን። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት የቋራ ሽፍታ ነበሩ፤ ማን ለዚያ ብሎ ይወቅሳቸዋል? ሽፍታ ግን ተበድያለሁ ብሎ ነው ጫካ የሚገባው። የዛሬዎቹ ደራሲዎችም ይቺን አሳምረው ያውቋታል። ለክፉው ሰውዬ በመጀመሪያ በደል ይሰጡታል፣ ወይ ሕመም፣ ወይ አስቸጋሪ እናት። ከዚያ በኋላ እኛ የሱ ነን።

ኮምቦልቻ የሚሠራው ወንድሜ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሲመጣ ፍላሽ ላይ የተጫነ ተከታታይ ፊልም ይዞልኝ ይመጣል። "ዘ ሶፕራኖስ"ን ያየሁት እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 በአሜሪካ የታየ፣ 86 ክፍል ያለው ነው። ቶኒ የኒው ጀርሲ ማፊያ አለቃ ነው። ጄምስ ጋንዶልፊኒ ነው የሚጫወተው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ የዱር ዳክዬዎች መጥተው የግቢው መዋኛ ውስጥ ጫጩት ይፈለፍላሉ። ይሄ ሰው ሁሉ የሚፈራው ጎልማሳ ጋውኑን እንደለበሰ ውሃው ውስጥ ገብቶ ያበላቸዋል። አንድ ቀን ዳክዬዎቹ ተነስተው በረሩ። እሱ ራሱን ስቶ ወደቀ። በኋላ የአእምሮ ሐኪሟ ዘንድ ቁጭ ብሎ ስለነሱ ሲያወራ አለቀሰ። ቤተሰቤን አጣለሁ የሚል ፍርሃት ነው ውስጡ ያለው። በቃ፣ ወደድነው።

አምስተኛው ክፍል ላይ ሴት ልጁን ኮሌጅ ሊያስጎበኝ ይወስዳታል። መኪና ውስጥ "አባዬ፣ ማፊያ ነህ እንዴ?" ብላ ትጠይቀዋለች። በዚያው ጉዞ ድሮ ጓደኞቹን ለመንግሥት ያሳበቀ ሰው ያያል። ተከታትሎ በገዛ እጁ በሽቦ አንቆ ይገድለዋል። የቴሌቪዥን ጣቢያው አለቆች ተመልካች ይጠላብናል ብለው ፈርተው ነበር። ማንም አልጠላውም። ያ ክፍል እንዲያውም በዚያው ዓመት ለድርሰቱ ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት አገኘ።

እስከዚህ ድረስ ችግር አይታየኝም። ቶኒን ስለወደደ ሰው ያነቀ ደንበኛ የለኝም።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው አልኩ አይደል? እሱም ሚስቲቱ ናት። "ብሬኪንግ ባድ" የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጀምሮ በ2013 ያለቀ፣ 62 ክፍል ያለው ነው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያለ የኬሚስትሪ መምህር የሳንባ ካንሰር ይገኝበታል። ለቤተሰቤ ገንዘብ ልተውላቸው ብሎ አደንዛዥ ዕፅ መሥራት ይጀምራል። ሚስቱ ስካይለር ትጠረጥራለች። ትጠይቃለች። ልጆቼ አጠገብ አትድረስ ትለዋለች። ጤነኛ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። ተመልካቹ ግን እሷን ጠላ። ስድብ ብቻ የሚጻፍባቸው የፌስቡክ ገጾች ተከፈቱላት። ተዋናይቷ አና ገን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ስለዚህ ጽፋለች። ጥላቻው ከድርሰቱ ዘልሎ ወደ ራሷ መጥቶ፣ ልግደላት፣ የት አገኛታለሁ የሚል ሰው ሁሉ ተነስቶ ነበር። ልብ በሉ፤ ዕፁን የሚያበስለውን፣ የሚገድለውን የሚጫወተው ተዋናይ በየሄደበት ይጨበጨብለታል።

መጨረሻው ክፍል ላይ ባልየው ራሱ ለሚስቱ ይናገራል። ለእናንተ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው ያደረግኩት፣ ደስ ይለኝ ነበር ይላታል። ስካይለር ይህን ከጅምሩ ታውቀው ነበር።

የኛም ጸጉር ቤት እንደዚያው ነው። በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ድራማ ይሁን የአገር ውስጥ፣ የወንጀለኛው ሚስት "የት አመሸህ?" ካለች አለቀላት። "ኤጭ! ምን ታነጫንጨዋለች!" ይባላል። ይህን ከሚሉት አንዷ ባሏ ግማሽ ሰዓት ከዘገየ ካስክ ሥር ሆና ሦስት ጊዜ የምትደውል ናት፤ ታነባለች ብዬ አልፈራም፣ ነግሬያታለሁ።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ካሜራው የሚያመሸውም የሚያድረውም ከሰውየው ጋር ነው። ዕቅዱን እኛ እናውቃለን፣ ሚስቱ አታውቅም። ሬሳውን መኪና ኋላ ሲጭን በር ከተንኳኳ ልባችን የሚመታው ለሱ ነው። "ቶሎ በል፣ መጡብህ!" የምትል አለች፣ ቢጉዲኑ ጭንቅላቷ ላይ እንዳለ ብድግ ብላ። ዕቅዱን የሚያደናቅፍ ሰው ሁሉ እኛን ያደናቀፈን ይመስለናል። መርማሪው እንቅፋት ነው፣ ምስክሩ አሳባቂ ነው፣ ሚስቱ ነዝናዛ ናት። ድራማው ያልቃል። እውነቱን የሚጠይቅ ሰው ነገረኛ ነው የሚለው ስሜት ግን አብሮን ቤት ይገባል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ልጆቹ ሽጉጥ ያነሳሉ ብዬ አይደለም።

ማገድ ደግሞ የትም አያደርስም። ቴሌቪዥን ላይ ቢታገድ በፍላሽ ይመጣል፣ ፍላሽ ቢታገድ በቴሌግራም ይመጣል። ይልቅ ጥያቄዬ ለደራሲዎቻችን ነው። ክፉውን ስትጽፉ ታሳምሩታላችሁ። ታዲያ ደጉ ሲሆን ምነው ብዕራችሁ ደነዘዘ? መርማሪው ስብሰባ የሚመራ ይመስል "ሕግ የበላይ ነው" እያለ ይወጣል፣ ይገባል። ቤት የለውም? ጥርሱን አያመውም? ቀልድ አያውቅም? የተገደለው ሰው ሚስትማ አንድ ጊዜ ደረቷን ስትደቃ ትታይና በዚያው ትጠፋለች። ለቅሶ ደርሰን የምናውቅ ሰዎች እኮ ነን። ዋናው ነገር የሚጀምረው እድሩ ድንኳኑን ነቅሎ ከሄደ በኋላ ነው። የቤት ኪራዩን ማን ከፈለ? ልጁ ትምህርት ቤት ሲጠየቅ ምን አለ? ከአንድ ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ ለሷ ስጧትና ከዚያ በኋላ ሰውየውን እንወደው እንደሆነ እንተያያለን። ምናልባት እንወደው ይሆናል። ግን ዋጋውን አይተን ነው።

እናንተም የኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ ተዋናይ ማንን እንዳገባ መጻፉን ትንሽ ቀነስ አድርጉት። በሚቀጥለው ጊዜ የድራማ ደራሲ ስታነጋግሩ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ የክፉውን ሰውዬ ሚስት ሲጽፏት፣ እሱ ቤት በሌለበት ሰዓት ምን ስታደርግ እንደምትውል አስበውት ያውቃሉ? መልሱን ካተማችሁት ቆርጬ ከመስታወቱ ጎን እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጸጉር ቤት ባለቤት
ደሴ