ከሰርቨር ዝውውሩ ጣጣ ላወጣችሁን ሁሉ

የሠራተኛውን አካውንት ወደ አዲሱ ሰርቨር ስናዛውር የገባንበትን ጣጣ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ማን የትኛው ፎልደር ውስጥ መግባት እንደሚችል የሚወስኑት ግሩፖች ደብዛቸው ጠፋ። ያውም ደመወዝ ሊሠራ ሲል! ዛሬ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ፈጣሪ ይመስገን።

የአይቲ ባልደረባዬ ሆይ፣ «አሮጌው ሰርቨር ፎርማት ይደረግ» ሲባል «አይነካም፣ ትንሽ ይቆይ» ብለህ ድርቅ ስላልክ ኑርልን። መረጃውን እንደገና ያወጣነው ከዚያው ነው።

ዱባይ ያለሽው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችን፣ አንቺንማ ምን ብለን እናመስግንሽ? ከሥራ ደክመሽ ገብተሽ በቴሌግራም ስንጨቀጭቅሽ አመሸን። «ሲኤስቪውን በኖትፓድ ክፈቱትና አሳዩኝ» አልሽ፤ የሠራተኛውን መረጃ ያወጣንበትን በሰንጠረዥ መልክ የተጻፈ ፋይል ማለትሽ ነው። ከፈትነው። ስም አለ፣ የሥራ ክፍል አለ። ግሩፕ በሚለው ዓምድ ግን በየመስመሩ «ሲስተም ዶት ኦብጀክት» የሚል ጽሑፍና ባዶ ማዕዘን ቅንፍ ተደርድሯል። ስክሪፕቱን የጻፍንበት ፓወርሼል አሬዩን፣ ማለትም የግሩፖቹን ዝርዝር፣ አልጣለውም፤ የሠራተኛውን መረጃ አንድ ላይ በያዘው ኦብጀክት ውስጥ በደህና ተቀምጧል። ሲኤስቪ ግን አንድ ሣጥን ውስጥ ዝርዝር መያዝ አይችልም። ስለዚህ ወደ ፋይሉ ሲወጣ (ኤክስፖርት) ሲደረግ የአሬዩ ይዘት ቀረና የዓይነቱ ስም ተጻፈ። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። የሚያበግነው እሱ ነው። ባልሽን መሠረት ግሩፖቹን ከኤክስፖርት በፊት በሴሚኮለን ጆይን አደረግናቸው፣ አያይዘን አንድ ጽሑፍ አደረግናቸው ማለት ነው፤ ወጡ።

ከሲኤስቪ ይልቅ «ጄሰን ይሻላል» ያላችሁም አልተሳሳታችሁም፤ ዝርዝርን እንደ ዝርዝር መያዝ የሚችል የፋይል ዓይነት ነው። ብቻ ዴፕዙን፣ ስንት እርከን ወደ ውስጥ እንደሚወርድ፣ መንገር አይረሳ፤ ካልተነገረው ሁለት እርከን ወርዶ ከዚያ በታች ያለውን ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል።

ተለማማጇ እህታችን፣ ያንቺን ዓይን ያላየ ይምጣ! እኛ ጨረስን ብለን ቡና ስናስፈላ አንቺ ስክሪኑ ላይ ነበርሽ። «የተበላሸው የሁሉም አይደለም፤ አንድ ግሩፕ ብቻ ያላቸው ሰዎች ነው» አልሽ። እውነትም! ስክሪፕቱ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ዋና ግሩፕ አድርጎ ይይዛል። ባዶዎቹን ለማጣራት በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለቀጣዩ በሚያቀብለው ምልክት) ሲያልፍ ግን አንድ ነገር ብቻ ከወጣ አሬይነቱ ይቀርና ተራ ጽሑፍ ይሆናል። የተራ ጽሑፍ «የመጀመሪያ» ደግሞ ፊደል ነው። ፋይናንስ የተባለው ግሩፕ «ኤፍ» ሆኖ ቁጭ! አዲሱ ሰርቨር «ኤፍ የሚባል ግሩፕ አላውቅም» ቢል አይፈረድበትም። አንቺ መስመሩን በአት (@) ምልክትና በቅንፍ ከበብሽው፤ አንድም ይሁን አሥር ሁሌም አሬይ ሆኖ ይመጣል።

የፋይናንስ ኃላፊያችን፣ እየደወሉ ማዋከብ ሲችሉ ሁለት ሠራተኞችዎን ላኩልን። ማን የት ይገባ እንደነበር ከወረቀቱ ጋር እያመሳከሩ አረጋገጡልን። እናመሰግናለን።

ጥበቃው ጋሼ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሳንጠራዎት ጄኔሬተሩን ስላስነሱልን እግዜር ይስጥልን። የሻዩን ሒሳብ ግን ይቀበሉን እንጂ!

ከአይቲ ክፍል